አልተኛ ያለው ሳጥን

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ፣ ድምፃቸውም ከከዳቸው በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን መደብ ላይ ሆነው፣ በደህናው ጊዜ ተማሪዎቻቸው የቀረጹትን የገዛ ዜማቸውን ሲሰሙ ይውላሉ። እየሰሙ ዝም አይሉም፤ «እዚህ ላይ ቸኮልህ!» እያሉ ራሳቸውን ይገሥጻሉ።

ዜማውን የጫንኩት አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና አስገብቼ፣ ድምፅና ፊልም የሚያጫውት ፕሮግራም ጨምሬ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፤ በቴሌቪዥኑ ሪሞት እንዲዘጋም አደረግሁ። ችግሩ መብራት ነው። ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይነሳና የይለፍ ቃል ጠይቆ ይገተራል። እኔ ያለሁት ቡሬ፣ ሥራ ላይ። እሳቸው ፊደሉን አያዩትም። ጎረቤት ማስቸገር ደግሞ ሞታቸው ነው፤ እኔ እስክመጣ በዝምታ ይቀመጣሉ። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ መጥቼ ፕሮግራሙን ሰርቪስ አደረግሁት።

«ምን አረግኸው?» አሉኝ።

«ሰርቪስ፣ አባየ።»

«ማንን ሊያመላልስ?»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ ሰርቪስ ማለት ሠራተኛውን ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ መኪና ነው። ሳቄን ውጬ አስረዳኋቸው። ማንም የይለፍ ቃል ሳያስገባ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ተነሥቶ ዜማውን የሚጀምር፣ በራሱ የሚሠራ አገልጋይ ነው አልኳቸው። «ቢወድቅም ራሱ ይነሳል» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በማዘዣው ፋይል ላይ «ሁልጊዜ ይነሳ» የሚል መስመር ጽፌ ነበርና።

በዚያ ሰሞን በሌላ ጉዳይ ሳንነጋገር ተፋጥጠን ነበር። የቆየ በሽታቸው ተመልሶባቸው፣ ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች እንደገና ቀዶ ሕክምና ይሞከር ብለዋል። ከዚያ በፊት ሁለቴ ተደርጎላቸው ያዩትን መከራ አይቻለሁ። እሳቸው እሺም እምቢም አላሉ። እኔ ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ቀጠሮ አስያዝኩ። እሺ እንዳላሉ ልቤ ግን ያውቀው ነበር።

በሳምንቱ ልወስዳቸው ስመጣ ተቆጥተው አገኘኋቸው።

«ይህ ሳጥንህ አልተኛ አለ።»

«እንዴት?»

«እንዳሳየኸኝ በሪሞቱ እዘጋዋለሁ። አፍታም ሳይቆይ ተነሥቶ ያዜማል። ሰው ጸሎት አያደርስም? አይተኛም?»

ጥፋቱ ከዚያች ከ«ሁልጊዜ» ነበር። ተበላሽቶ ይውደቅ፣ ተዘግቶ ይረፍ አትለይም፤ ሁሉንም ታስነሳለች። ኪቦርዱን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አሁን አስተካክለዋለሁ፣ አባየ። ተበላሽቶ ከወደቀ ይነሳል፤ በቃህ ሲሉት ያርፋል።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የወደቀውንና በቃህ የተባለውን የሚለይ መስመር አለ በለኛ።»

«አለ።»

«ለሰውም በተጻፈ።»

ሰሙን ይዤ ወርቁ ያልገባኝ ለመምሰል ሞከርኩ። የቅኔ መምህር ባይሆኑም የጎጃም ሰው ናቸው፤ በዋዛ አይለቁኝም። ፊደል እየነካካሁ፣ «ሰኞ እኮ ቀጠሮ አለን» አልኩ።

«ልጀ፣ እኔ አልተበላሸሁም። በቃህ ተብየ ነው።»

አለቀስኩ። ተናደድኩባቸውም፤ ለእኔ ሲሉ ቢሞክሩት ምን ነበረበት? ይህንኑ አልኳቸው። አልተቆጡም። እጄን ፈልገው ያዙና ዜማው እስኪያልቅ አለቀቁኝም። ሲያልቅ መስመሩን ቀየርኩት። ዘግተው ሞከሩት፤ አልተነሳም። «ጎሽ» አሉ።

ደጅ ወጥቼ ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሰኞ እንደማንመጣ ስነግራት አዘነች መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ታዲያ ሌላ ቀን ልያዝላቸው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ይረፉ።»