ጠያቂ በር አይዘጋበትም

የትልቁ አንጀቴ ቁስለት እንክብሉን ሁሉ ንቆ ደም ማስቀመጡ አልቆም ሲለኝ፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ጀመረልኝ። «ሰውነትሽ ራሱን እየወጋ ነው፤ ይሄ ያንን ጉልበቱን ያደክመዋል» አለኝ። «ሌላ በሽታም መመከት ያቅትሻል። ሳል ካለበት ሰው ራቂ። ትኩሳት ከያዘሽ አይሰጥሽም። በጊዜው ካልወሰድሽው ደግሞ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ይወጣል።»

የመጀመሪያው ዙር ያዘልኝ። ደሙ ቀነሰ፣ እህል ቀመስኩ። ሁለተኛውን ዙር ወንድሜ ከአዲስ አበባ በበረዶ አሽጎ እኛ ጋ ሰቆጣ አደረሰልኝና የሆስፒታሉ ፍሪጅ ውስጥ ገባ። ለሰኞ ተቀጠርኩ።

ሳል ካለበት ሰው ራቂ! የቄስ ልጅ ላልሆነ ቀላል ነው። አባቴን «አባ፣ እባክዎ እስከ ሰኞ ሰው አያስገቡብኝ» ብላቸው፣ «የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ከደጅ መልሼ፣ ነገ መስቀል ይዤ ምን ብዬ እቆማለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ንድድ አልኩ።

ቅዳሜ አክስቴ ከዚሁ ከአጎራባች ወረዳችን ከዝቋላ መጣች፤ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ፣ ማር በቅል ይዛ። ሳሏ ከእሷ ቀድሞ ገባ። «እኔን! እኔን ይድፋኝ፣ እንዲህ አለቅሽ የኔ ልጅ?» አለችና ማስኬን «ይሄ ደግሞ ምን ያፍንሻል» ብላ ወደ አገጬ አወረደችው። ከዚያ ሳመችኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። በየመሃሉ ትስላለች። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችን ሴት ምን ብዬ ልግፋት?

ሰኞ ሰውነቴ እሳት ሆነ። የሰቆጣው ዶክተር ደረቴን አዳመጠ። «ሳንባሽ ታሟል። ዛሬ ብሰጥሽ እገድልሻለሁ።»

«ካልሰጡኝስ?»

ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። መድኃኒቴ ከግድግዳው ወዲያ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ እኔ ከወዲህ ተኝቻለሁ። ምን ይዋጠኝ!

ደሙ ተመለሰ። ሳንባዬ ሳይሽር ደሙ ከበረታ ለቀዶ ጥገና እንደሚልከኝ ዶክተሩ ለአባቴ ነገራቸው። እሳቸው ከራስጌዬ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ።

አክስቴ መድኃኒቱን መከልከሌን ሰምታ ወደ አገሯ ሳትመለስ ቀረች። «የታመመ ሰው መድኃኒት የሚከለክል፣ ምን ያለ ጨካኝ ነው!» እያለች፣ እየሳለች ሆስፒታል ገባች። ምክንያቱ የእሷው ሳል መሆኑን የነገራት የለም። አባቴን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ዳዊቱ ላይ ተከሉ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ማስኬን አወረደች። ጉንጬን ሰጠኋት።