ሲምረት የመረጠቻት መኪና

ሲምረት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። ካሳንችስ የነበረው ሱቋ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ "ልኩን ስፊልኝ" ካለቻት፣ ሲምረት ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትቆጣታለች።

"ልኩን አሰፍተሽ በሚያዝያ ልታለቅሺ ነው? ልብስ ለዘንድሮ አይገዛም፣ የኔ እመቤት።"

እጅጌውን አስረዝማ፣ የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋለች። ልጁ መስከረም ላይ ጣቶቹ ከእጅጌው ሳይወጡ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በዓመቱ እጥፋቱ ይፈታለታል። በቤቷም እንዲሁ ነበረች። ወንበር ስትገዛ ገልብጣ እግሩን ታያለች። ባሏ ካሳይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ እሱም በዕቃ ቀልድ አያውቅም። ቢሆንም ከሱ ይልቅ የሷ ዓይን ይፈራ ነበር። ሁለቱም የአዲግራት ሰዎች ናቸው። ሲጣሉ በትግርኛ፣ ሲታረቁ በአማርኛ ነው እያለች ልጃቸው ሉሊ ትቀልድባቸዋለች።

ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም ሱቁም አብረው ሄዱ። ከመስቀል ፍላወር ገባ ብሎ ቤት ተከራዩ። የካሳውን ገንዘብ ሲምረት ለአዲስ ሱቅ አስቀመጠችው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጀርባዋን ማመም የጀመራት ያን ሰሞን ነው። ጥቅል ጨርቅ ተሸክማ ስትመላለስ ስለከረመች ማንም አልደነገጠም። በቅባት ታሸች፣ ጠበል ተጠመቀች። ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ ውጤቱን የነገረው ለሷ አይደለም። "እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ፣ እናቴ" ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ካሳይንና ወንድሟን ሃይለአብን ወደ ክፍሉ አስገባቸው። ካንሰር ነው፤ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ አከርካሪዋ ላይ ደርሷል። ማዳን አይቻልም። ሕመሙን ግን በጨረር ማስታገስ ይቻላል።

"ምን ያህል ጊዜ አላት?" አለ ሃይለአብ።

"እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እኛ ግን ዓመት አንልም።"

"ለሷስ ምን እንበላት?"

"እሱን ቤተሰብ ያውቃል።"

እንዲህ ነው የሚደረገው። ክፉ ወሬ ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድ ይዞት ይዞራል። ሃይለአብ ኮሪደሩ ላይ የካሳይን ክንድ ጨበጠ።

"እንዳትነግራት። ተስፋ ከቆረጠች በሳምንቱ ነው የምትሞትብን።"

ካሳይ ፊቱን በመሀረብ ጠርጎ ወደ አግዳሚው ሄደ።

"ምን አላችሁ?" አለች ሲምረት።

"ዲስክ ነው። ነርቭ ተጭኗል። በማሽን ትታከሚያለሽ።"

"ለዚህ ነው በር የዘጋው?"

"ዶክተሮች መከበር ይወዳሉ።"

ሳቀች።

ሕክምናው ተጀመረ። ማሽኑ ጋ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች አይታ ተመለሰች። "ካንሰር ናቸው አሉኝ፣ ምስኪኖች። እኔን ምን ብለው ከነሱ ጋር አሰለፉኝ?" አለችው። "ማሽኑ አንድ ነው" አላት ካሳይ።

የከበዳት መንገዱ ነው። ሚኒባስ ጎንበስ ካላሉ አይገባም። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ደግሞ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ስትቀመጥ ወገቧ ይታጠፍና ላብ ያጠምቃታል። ካሳይ መኪና እንግዛ አለ።

"በሱቁ ብር?"

"መኪናም ሱቅ ነው። ስትድኚ ዩኒፎርሙን ጭነሽ በየትምህርት ቤቱ በር ትሸጫለሽ።"

ያችን ቃል ያለ ብዙ ሐሳብ ነበር የተናገራት። ሲምረት ግን "እሱስ ያስኬዳል" አለች። በማግስቱ ስለ ሻንጣ ማስቀመጫው ስፋት መጠየቅ ጀመረች።

ጅብሪል የሚባል ደላላ ሁለት መኪና አገኘላቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ከፍ ያሉ፣ ግን ለጠባብ መንገድ የማይከብዱ፣ ያገለገሉ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከቆመ ወዲህ የአሮጌውም ዋጋ እንደ አዲስ ነው የሚጠራው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ይገዛ የሚል ሐሳብ ሉሊ አንሥታ ነበር፤ ተከራይ ግቢ ውስጥ ማን ገመድ ያስዘረጋል ተባለና ተተወ።

ነጯ ቪታራ ባምቢስ አካባቢ ቆማለች። ግራጫዋ ራቭ ፎር ኡራኤል ናት። በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ለማየት ወጡ። ካሳይ፣ ሲምረት፣ ሉሊ፣ ደላላው፣ እንዲሁም ካሳይ ለብዙ ዓመት የሚያውቀው መካኒክ ፈየራ ነበሩ።

መጀመሪያ ነጯን አዩ። ሲምረት በሩን ከፍታ ጀርባዋን ሰጠችና ተቀመጠች። ወንበሩ ልክ ከዳሌዋ ጋር እኩል ነው፤ ጎንበስ አላለችም። ካሳይ ነድቶ አዞራቸው። መንገዱ ለሥራ ተቆፍሮ በጠጠር የተደፈነበት ቦታ አለ። ካሳይ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ትቶ ፊቷን ያያል። ሲምረት በመስኮት ሱቆቹን ትቆጥራለች። ጠጠሩ አልተሰማትም።

"እማ፣ አመመሽ?" አለች ሉሊ ከኋላ።

"የቱ ጋ?"

ሲመለሱ ፈየራ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሥር ገብቶ፣ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ካሳይን ወደ ጎን ሊወስደው ሲል ሲምረት "እዚሁ ተናገር፣ እኔም ጆሮ አለኝ" አለችው።

"ምን መሰለሽ፣ እትዬ ሲምረት፣ አካሏ ደህና ነው። ካምቢዮዋ ነው ችግሩ። ሰውየው ዘይት ሳይቀይር ነድቷታል። ማርሽ ስትቀይር ትንገጫገጫለች። አንድ ዓመት ትሄድልሻለች፤ ከዚያ በኋላ አልምልልሽም።"

ጅብሪል ተቆጣ። "አንተ ፈየራ፣ ገበያዬን ገደልከው! ዓመትኮ ብዙ ነው፣ እትዬ። ትዳርም ዓመት አይቆይ በዚህ ዘመን።"

"ያንተን አላውቅም" አለችው ሲምረት። ሁሉም ሳቁ። ካሳይ ግን አልሳቀም፤ አንድ ዓመት የሚለው ጆሮው ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ኡራኤል ሄዱ። ግራጫዋ ሞተሯ ንጹሕ ነው፣ ካምቢዮዋ ጤነኛ ነው። "ይቺ እኔንም ትቀብረኛለች" አለ ፈየራ። አንድ ነገር ብቻ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ሕንፃ ተቋራጭ ስለሆነ መንገጫገጭ የሚያበርደውን የራሷን ሞላ አውጥቶ ለጭነት የሚሆን ጠንካራ ሞላ አስገብቶባታል። ከፍ ብላለች፤ ድንጋይ አትፈራም። የተቀመጠ ሰው ግን መንገዱን በጀርባው ያነባል። ሲምረት ስትወጣ በሉሊ ትከሻ ተደገፈች። ጉብታው ላይ ሲደርሱ የበሩን እጀታ ጨበጠች፤ የጣቶቿ አንጓ ነጭ ሆነ። ስትወርድ ፈገግ አለች።

"ይቺ ናት ዕቃ!"

ኡራኤል አንድ ካፌ ገብተው ማኪያቶ አዘዙ።

"ነጯን እንግዛ" አለ ካሳይ።

"ለምን?"

"ትመቻለች።"

"መመቸት! ካሳይ፣ ዕድሜህን ሙሉ ንብረት ክፍል ሠርተህ፣ ዓመት ሳትቆይ የምትሞት መኪና ልትገዛልኝ ነው?"

ሉሊ ስልኳን ብድግ አድርጋ ወጣች። ካፌው በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

"ጀርባሽስ?" አለ ካሳይ።

"ጀርባዬማ ይድናል። ለአንድ ወር ሕመም ብዬ የዓሥር ዓመት ዕቃ ልተው? ልብስ ስጭንባት ጠንካራው ሞላ ነው የሚያስፈልገኝ። ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?"

ካሳይ ማኪያቶውን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"የለም" አለ።

"እንግዲያው ጅብሪል፣ ሰውየውን ጥራው።"

ግራጫዋ ተገዛች።

ከዚያ በኋላ ያለው የመንገድ ታሪክ ነው። ከቤት እስከ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ የተቆፈረ አለ፣ ድንጋዩ ተነጥፎ ያላለቀ አለ። ካሳይ እንቁላል እንደጫነ ሰው ይነዳል፤ ከኋላ ያሉት ይሰድቡታል። ሲምረት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከታለች። ሞላውን እናስቀይር ሲላት "ጤነኛ ዕቃ አይነካም። ዋጋዋም እሱ ነው" አለችው። ከዚያ መቅረት ጀመረች። አንዴ አመመኝ አለች፤ አንዴ ኪዳነ ምሕረት ናት አለች። ማሽኑ የሚያስታግሰውን መንገዱ እየመለሰባት ነበርና በሷ በኩል ሒሳቡ ትክክል ነው።

አንድ ጠዋት ካሳይ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ይዟት ወጣ። ኡራኤል ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ።

"መልሰኝ" አለች።

"ደርሰናልኮ።"

"መልሰኝ፣ ካሳይ። በቃ፣ ትንሽ ሲሻለኝ እቀጥላለሁ። ምን ያስቸኩላል?"

"ያስቸኩላል።"

"ዲስክ ሰው ይገድላል?"

ፊት ለፊታቸው ያለው ሚኒባስ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ካሳይ አልተከተለውም። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

"ዲስክ አይደለም፣ ሲምረት።"

ወደ ፊት እያየች ነበር፤ አንገቷን አላዞረችም። ጥሩምባው በዛ። የትራፊክ ፖሊሱ በእጁ ተቆጣ።

"ንዳ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለችው።

ነዳ። ወዲያው ጎማው ጉድጓድ ገባ። ሲምረት ነጠላውን አልነከሰችም፤ ጮኸች። ጩኸቷን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዳር ይዞ አቆመና የሐኪሙን ቃል እንዳለ ነገራት።

"ማን ያውቃል?" አለች።

"ሃይለአብ።"

"ሉሊስ?"

"ታውቃለች።"

"ፈየራስ?"

"አያውቅም።"

"እንግዲህ እኔና ፈየራ ነን የማናውቀው። ያችን ነጯን ያልከው ለዚህ ነዋ። አንድ ዓመት ትሄዳለች አለ። ትበቃኝ ነበር፣ ትተርፈኝም ነበር።"

"ተስፋ እንዳትቆርጪ ብለን—"

"እኔ የዓሥር ዓመት ዕቃ ስመርጥ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ጠየቅሁህኮ። ማኪያቶ ስታማስል ጠየቅሁህ።"

ካሳይ መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ።

"አታልቅስ፤ ወገቤን ያመመኝ እኔን ነው እንጂ አንተን ምን አመመህ?" አለችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ማጅራቱን ያዘችው። "ውሰደኝ፤ ተራዬ እንዳያልፍ። ቀስ ብለህ።"

ከሰዓት በኋላ ካሳይ ለጅብሪል ደወለ። ነጯ ተሸጣ ከከተማ ወጥታለች። ፈየራ ጋ ሄደ። ፈየራ ሁሉንም ሰምቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ምናለ ያኔ ጆሮዬ ላይ ሹክ ብትለኝ፣ ጋሽ ካሳይ? ካምቢዮዋ ሸጋ ነው ብዬ እዋሽ ነበር።" የድሮው ሞላ የት እንደተጣለ አይታወቅም። ልኳ የሚሆን እስኪገኝ ቀናት ሄዱ፤ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ በክሪክ ተነሥታ ሰነበተች።

በዚያ መሀል ሲምረት እግሯ ከዳት። ሕክምናው ቆመ፤ ነርስ እየመጣች መርፌ ትወጋታለች። ደህና ትሆኛለሽ የሚል ጠያቂ ሲመጣ "ሌላ ወሬ ከሌለህ ሂድልኝ" ትላለች። ሃይለአብን ለሁለት ቀን አላነጋገረችውም፤ በሦስተኛው አስጠርታ ልብስ መስፊያ መኪናዋ ለማን እንደሚሰጥ ነገረችው። የነፍስ አባቷን አስመጣች። ሉሊን አጠገቧ አስተኝታ አወራቻት፤ ምን እንዳወሩ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም።

ካሳይ መኪናዋን ከጋራዥ ያመጣት ሲምረት መቀመጥ ካቃታት በኋላ ነው። ቁልፉን ይዞ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"ተስተካከለች?" አለችው።

እንደ አልጋ ተመቸች ሊላት ነበር። እሷ ደግሞ ዓይኑን እያየች ነው።

"ትንሽ ነው የተሻላት" አለ። "የኡራኤሉ ጉድጓድ ላይ እኔንም ወገቤን መታኝ።"

"እንዲህ ንገረኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ጠዋት ሐኪሙ ሲደውልልህ ወደ ውጭ ወጥተህ ነው ያናገርከው። ምን አለህ?"

ካሳይ በሩን ዘጋ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ እንዳይነቀንቃት ተጠንቅቆ ተቀመጠና ነገራት።