አባባ «ወገቤን ነው» ሲል

ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የተቀመጥኩበትን ሰዓት ብደምረው አንድ ልጅ አሳድግበት ነበር። ከአባቴ ጋር ማለቴ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ የቀረ ሰው ነው፤ ገበያው ጥግ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ወንድም የለኝም፤ ስለዚህ ባመመው ቁጥር ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።

«ምንዎን ነው የሚያመዎት ጋሼ?» ይለዋል ሐኪሙ። አባቴ በጎን እኔን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ወገቤን ነው» ይላል። ሁልጊዜ ወገቡን ነው! የወገብ ማስታገሻ ይታዘዝለትና እንመለሳለን። ሱቅ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ ሁሉም መድኃኒት አዋቂ ነው። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ኩላሊት ነው ይላል፣ ሌላው ከያዮ የጫካ ማር ይዞለት ይመጣል። ማሩን ለሁለት በላነው።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ሱሪውን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ሌሊት አራት አምስቴ ሲነሳ፣ ጓሮ ቆሞ ሲያምጥ እሰማው ነበር። ታዲያ ሴት ልጅ አባቷን «ሽንትህ እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች? ኧረ ነውር ነው! ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መልሼ ዋጥኩት። እሱም ቢሞት አይነግረኝም። እንዲህ እየተያየን ሁለት ዓመት ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስማር እየመዘነ ሳለ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ሽንት አልወጣውም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ነርሷ የጎማ ቱቦ ስታስገባለት «አባ ኮ፣ ጃባዻ፣ አባቴ አይዞዎት» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም ታባብለዋለች፤ እኔ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ግድግዳ አያለሁ። ሽንቱ ሲወርድለት «እፎይ» ሲል ሰማሁት።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ጎን ጠራኝ። ፊኛው ሥር ያለው ፕሮስቴት የሚባለው እጢ እንዳበጠ ነገረኝ። «እብጠት ብቻ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው፤ አሁን ሆድ ሳይቀደድ በሽንት መውጫው ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ይጠርጉታል። ካንሰርም ቢሆን በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ድሮ የሚታወቀው አጥንት ከበላ በኋላ ነበር። ዛሬ በደም ምርመራ ይጠረጠራል፣ በመርፌ ናሙና ይረጋገጣል፣ የት እንደደረሰ ደግሞ በኤምአርአይ ይታያል» አለኝ። ተመስገን አልኩ። መንገዱን ሁሉ «በጊዜ» የምትለዋን ቃል ይዤ ሄድኩ።

መንገድ ስል ቀላል አይምሰላችሁ። ለደሙ፣ ለናሙናው፣ ለፎቶው፣ አንዴ ጅማ አንዴ አዲስ አበባ፣ ወራት ተመላለስን። አባቴ ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የሽንት ከረጢት በጋቢው ሸፍኖ መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔም እንዳላየ ሰው ስልኬን እነካካለሁ። መንገድ ላይ በደሌ ከተማ ምሳ ስንበላ እንኳ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ እንጂ ስለ ሕመሙ አናወራም። ሰለቸኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ሰለቸኝ።

በመጨረሻ ስፔሻሊስቱ ውጤቱን ዘርግቶ አስቀመጠን። ካንሰር ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ላይ ደርሷል። «በየሦስት ወሩ የሚወጉት መርፌ አለ። ያዘገየዋል፣ ሕመሙንም ያስታግስልዎታል። ነቅሎ ግን አያወጣውም» አለ። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ሊሞላ «ሽንት ማስቸገር የጀመረዎት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቅርብ ጊዜ ነው» አለ አባቴ።

እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። «ሁለት ዓመት ሆኖታል» አልኩ።

ሐኪሙ «ያኔ ቢመጡ ኖሮ…» ብሎ ተወው።

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባባ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «እኔ እኮ አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነው የደበቅኩት» አለኝ።

«እኔም አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው» አልኩትና ሐኪሙ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።