ሞላን ከዲግሪው ያስወጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ሳቅ ይወዳሉ፤ ኃጢአቴን አሳምሬ አውርቼ እንዳላስቃቸው ፈርቼ ነው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። ደክሞኛል፤ ሰው ማሳቁም ደክሞኛል።

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የርቀት ትምህርት ቅርንጫፍ ቢሮ ሞጁል አዳይ፣ ፈተና ጠባቂ፣ ማኅተም መቺ ነኝ። ከዚያ የተረፈው ጊዜዬ ለቀልድ ነው። እኔ የሌለሁበት ማኅበር ጠላው ከጉሮሮ አይወርድም ይባላል፤ ይህንንም ያስወራሁት እኔው ነኝ።

ሞላ የጎረቤቴ የጋሽ ይመር ልጅ ነው። ያኔ አብራሪነት ይሠለጥን ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ በእኛ ቅርንጫፍ ማኔጅመንት በርቀት ይማራል። ለፈተና ሲመጣ ወላጆቹንም ያያል። አንድ ጊዜ፣ ሁለቱን እንዴት ትችለዋለህ ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሼ፣ አብራሪ በየጊዜው ዓይኑን ይመረመራል። አንድ ቀን አይሆንም ቢሉኝ በምን እኖራለሁ? ዲግሪው ለዚያ ቀን ነው" አለኝ። ልብ በሉልኝ፤ እኔ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አላደረግኩትም።

ያን ሰሞን የሚካኤል ማኅበር ላይ ጨዋታ ጠፋ። ዝም ያለ ቤት አልችልም። "ሞላ ለምን ማኔጅመንት እንደሚማር ታውቃላችሁ?" አልኩ። "አውሮፕላኑን አስነስቶ ማረፊያው ቢጠፋው መቅደላ አምባ ላይ ሊያሳርፈው ሲል መሪውን ቀሙት። በዚያው አባረሩት። አሁን መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ እየፈለገ ነው።" ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ታዲያ እዚህ አገር ሥራ የያዘ ሰው ሌላ ሥራ አይማርም፤ ከተማረ የያዘው አምልጦታል ማለት ነው። ስለዚህ አመኑኝ። ወሬው መቅደላ ወረዳ፣ ማሻ ሲደርስማ ሞላ ሁለት አውሮፕላን ሰብሯል።

ጋሽ ይመር ማኅበሩ ላይ አልነበሩም። በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ተከትለዋቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሳቃቸውን አፍነው።

"አንተ፣ ልጄ የሚማረው ከበረራው አባረውት ነው አሉ። ወላሂ በል፣ እውነት ነው?"

ቀልድ ነው ብል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል። እኔ ግን በሩን አየሁና፣ "እኔ እንጃ ጋሽ ይመር፤ ፓይለት ሞጁል ሲሸከም ግን አይቼ አላውቅም" አልኩ። በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ለሞላ ደውለው፣ እውነት አብራሪ ከሆንክ ይህን ትምህርት ተው፣ ካልተውክ ሰው ያለው ልክ ነው፣ አሉት። ቢምል ቢገዘት አልሰሙትም። ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ሞጁሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ።

"አባቴ አንገቱን ደፍቶ ገበያ ከሚወጣ ይቅርብኝ" አለ። "ማን እንደጀመረው ሰምተዋል፣ ጋሼ?"

"የሰው አፍ ምን ይታወቃል" አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የማቋረጫውን ቅጽ የጻፍኩለትም እኔ ነኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ "በራሱ ፈቃድ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረመ። ማኅተሙን መታሁ።

ሥልጠናውን ጨርሶ ጥቂት ዓመት በረረ። ከዚያ ዓይኑ እምቢ አለ። ያ ቀን መጣ፤ ለዚያ ቀን የታሰበው ዲግሪ ግን የለም።

አሁን እዚሁ ነው። ወረዳው የሚለጥፈውን የሥራ ማስታወቂያ ያነብባል፤ ሁሉም ዲግሪ ይላል፤ ይመለሳል። የድሮው ውጤት ጊዜው አልፏል ስለተባለ ከአንደኛ ዓመት ጀምሯል፣ በዚህ ዕድሜው፣ ከትናንት ልጆች ጋር። ሞጁሉን የማድለው እኔ ነኝ። ባለፈው ከፈተና ሲወጣ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ተስፋ እቆርጥ ነበር" አለኝ። ምን መለስኩለት? ቀለድኩበት። ሳቀልኝ።

ክፉ አላሰብኩም ብዬ መከራከር እችላለሁ። ማኅበሩ ላይ ያልኩት ይሁን፣ ቀልድ ነበር። ቢሮዬ ውስጥ ያልኩትስ? አባት ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ፣ ለሁለት ሰው ሳቅ ብዬ የልጁን መጠጊያ አፈረስኩ። ለዚህ ምክንያት የለኝም፤ አልፈልግለትምም። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት ሞላን ነው፤ አብረውኝ የሳቁት ስላልነገሩት እሱ ደግሞ ማን እንደበደለው አያውቅም።

ነገ ሞጁል ሊወስድ ይመጣል። ከአፌ እስኪሰማው ድረስ ማንም ይማርህ አይበለኝ።