የሰሚራ በርጩማ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቼ መጥተው «ለልጃችን ሽማግሌ ሁንልን፤ ልጅቷ የየቡ ከተማ ልጅ ናት» ሲሉኝ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ የሚቆም አልነበረም። ሰዎቹ ቅር ሊላቸው ሲል እንደ ምንም ራሴን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሺ ብዬም ሸኘኋቸው። ምን እንዳሳቀኝ ግን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። የእኛ አገር ሰው ወንበር ሲገዛ መጀመሪያ ገልብጦ እግሩን ነው የሚያየው፤ እኔ ደግሞ እግር በማሳመር ስም ነበረኝ። አንድ ቀን ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን አይሱዙ ላይ ስንጭን ገመዱ ተበጠሰና ቁም ሣጥኑ ከነመስተዋቱ ወገቤ ላይ አረፈ። መስተዋቱ አልተሰበረም። የቁም ሣጥኑ ባለቤት «አልሃምዱሊላህ!» ብሎ የጮኸው ለመስተዋቱ ነው፤ የእኔን ወገብ የጠየቀው ቆይቶ ነው።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። አጥንቴ ደህና ነበር። ሐኪሙ ለዐሥር ቀን የሚሆን ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ካፕሱል አዘዘልኝና ከዚያ በኋላ እንዳልቀጥል አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን ካፕሱሏን ከዋጥኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የአለቃዬ ጩኸትም፣ የክረምቱ ጭቃም፣ የሚያሳስበኝ ነገር ሁሉ ሩቅ ይሄድልኝ ነበር። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ወገቤ በወሩ ዳነ፣ መዋጡ ግን ቀጠለ። አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው አራት እያለ ወጣ። አንድ ቀን ሳልወስድ ከዋልኩ አዛጋለሁ፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ሰውነቴን ይወርረኛል፣ እግሬ አርፎ አይቀመጥም። እናቴ «ወባ ነው» ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር ታጎርሰኛለች። እኔም ወባ ነው እላለሁ። ግን አውቅ ነበር። ካፕሱል ሲዋጥ በግማሽ ሰዓት የሚለቅ ወባ የለም።

የጊንጆ መድኃኒት ቤቶች ፊቴን ሲለዩት ያለ ማዘዣ አንሰጥም አሉኝ። ከዚያ ጉዞ ተጀመረ። ለዐሥር ፍሬ ካፕሱል ብዬ ሰኮሩ ድረስ በአውቶቡስ ተመላልሻለሁ። ሰኮሩ ስደርስ አነክሳለሁ። ችግሩ ያለፈው ጊዜ ያነከስኩበትን እግር እረሳዋለሁ። አንድ ቀን ሻጩ «ባለፈው ግራህ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «ወደ ቀኙ ተዛመተ» አልኩት። አዘነልኝና ሰጠኝ።

የቡ ግን ቅርብ ነበረች፤ በሚኒባስ፣ በቡናው ጥላ መሐል ለመሐል የሚኬድ ደስ የሚል መንገድ ነው። እዚያ የምትሠራው ሰሚራ ናት፤ የፋርማሲ ትምህርቷን ጨርሳ የአባቷን መድኃኒት ቤት የያዘች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ። ያረጀ ማዘዣዬን ተቀብላ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አየችና፣

«ይሄ እኮ ቀኑ ካለፈ አራት ወሩ ነው» አለችኝ።

«እኔም እኮ ገና ያመኛል።»

«እንግዲያው ሐኪም ይይህ። እኔ አልሰጥህም።»

ተስፋ የምቆርጥ መስሏት ነበር። በየገበያው ቀን ሄድኩባት። እንድታምነኝ ብዬ ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ እሄዳለሁ። ሰው እስኪቀልላት ደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ብርቱካን ወሰድኩላት፤ አመስግና በላች። የጫካ ማር ወሰድኩላት፤ እሱንም ተቀበለች። በመጨረሻ ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ምስማር፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርቤ፣ እንደ መስተዋት አሽቼ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጬ አስረከብኳት። ቁጭ ብላ ሞከረችው።

«በጣም ያምራል» አለች። «ካፕሱል ግን የለም።»

እኔ የማስበው ስለ ካፕሱል ብቻ ነው። የየቡ ገበያ ግን ዓይን አለው። ከሁሉም በላይ ዓይን የነበራቸው እዚያው የቡ የሚኖሩት የአባቴ ወንድም አባ ሜጫ ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔን የመዳር ኃላፊነት የሳቸው ነበር። የወንድማቸው ልጅ ታጥቦና አምሮ በየገበያው ቀን የአንዲት ልጅ ደጅ ሲጠና፣ ቀጥሎም በርጩማ ተሸክሞ ሲያልፍ አዩ። ምን ይበሉ? ጅማ ድረስ ወርደው ለእናቴ ነገሯት፤ እናቴ እልል አለች። «ልጁ ዓይነ አፋር ነው፤ እንዳይሰማ» ተባብለውም ነገሩን ከእኔ ደበቁ።

ቡናው የቀላበት ወቅት ነበር። የሰኮሩው ሻጭ አልቆበት ሁለት ቀን ያለ ካፕሱል ቆይቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የቡ ደረስኩ። መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው። ሻይ የምትሸጠው ጎረቤት «እንግዳ መጥቶባቸው ቤት ገብታለች» አለችኝ። እየሮጥኩ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ የነበረውን እሸት ቡና ረግጬ በሩ ላይ ስደርስ አራት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አየሁ። አባ ሜጫ ቆመው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ልጃችን ነጂብ ልጃችሁን ከወደደ ቆይቷል» እያሉ ነው።

ኮቴዬን ሰምተው ዞሩ። ላብ አጥምቆኛል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። አባ ሜጫ አልደነገጡም። እንዲያውም በዱላቸው ጠቆሙኝና፣

«ይኸው፣ ማሎ፣ እባካችሁ እዩት! እኔ ምን እላለሁ? ልጁን እንዲህ ያደረገችው ልጃችሁ ናት!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሚራ አባት እንኳ ልባቸው ተነካ። «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ግባ፣ ተቀመጥ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ልጅቷ ትጠየቅ አሉ። ሰሚራ ገብታ እኔን አንድ ጊዜ አየችኝ።

«አባ ሜጫ፣ አፉ ይበሉኝ» አለች። «ልጁ ታሟል። የሚመጣው ለእኔ አይደለም፤ ለካፕሱል ነው።»

«በርጩማውስ?» አሉ አባ ሜጫ።

«በርጩማውም ለካፕሱሉ ነው።»

«ማሩስ?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ማሩም።»

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ እህት፣ «ነጂብ፣ በቀን ስንት ትወስዳለህ?» አለችኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ዐሥራ ሁለት» አልኩና አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ዕለት ቀልሎኝም አያውቅም።

ሰሚራ ለሽማግሌዎቹ አስረዳች። ብልግና አይደለም፣ በሽታ ነው አለች። ሰውነቱ ስለለመደው በወኔ ብቻ አይተወውም፤ በዚሁ ከቀጠለ ግን አንድ ቀን አንቀጥቅጦ ይጥለዋል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ጅማ ሕክምና አለ አለች። አባ ሜጫ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ዋላሂ፣ አራት ሽማግሌ ሆነን ከዚህ ቤት ባዶ እጃችንን አንወጣም» አሉ። «ሚስቱ ከቀረች መዳኛውን እንጠይቅለት።»

በዚያው ዕለት ሚኒባስ ተሳፍረን ጅማ ሆስፒታል ሄድን። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ሐኪም አራት ባለ ጋቢ ሽማግሌዎች ሲገቡበት ከወንበሩ ተነሣ። አባ ሜጫ ከልምድ የተነሣ ሌላ አነጋገር አልመጣላቸውም፤ «እኛ ከተከበረ ቤት ነው የመጣን፤ እምቢ እንዳትለን» ብለው ጀመሩ። ሐኪሙ እምቢ አላለም። መድኃኒቱ በአንዴ እንደማይቆም፣ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ እንደሚወጣ ነገረን። ካፕሱሉን የሚይዘው ግን እኔ ሳልሆን የሚታመን ሰው ይሁን አለ። አባ ሜጫ እጃቸውን ዘረጉ።

የቡና ለቀማውን ወራት እሳቸው ቤት አሳለፍኩ። ካፕሱሉን ኮት ኪሳቸው ከጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ከሙስበሃው ጋር አድርገው፣ ይሰግዱበታል፣ ይተኙበታል። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አነከስኩም። ማንከሴን አይተው «በል በሌላው እግርህ ቆመህ ልቀም» አሉኝ። ከባድ ጊዜ ነበር። አጥንቴ ይቆረጥመኛል፣ ቁርጥማቱ ሲለቀኝ ደግሞ ሆድ ይብሰኛል። አንድ ጊዜ አምልጬ ሰኮሩ ሄጄ ዋጥኩ። ሐኪሙ ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ስፈራ «መናገርህ ጥሩ ነው፤ ካለህበት እንቀጥል» ብቻ አለኝ። የመጨረሻዋ ካፕሱል ያለቀች ቀን አባ ሜጫ ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አለቀሱ።

ሰው ይህን ሲሰማ «ሰሚራንስ አገባሃት?» ይለኛል። አላገባኋትም። ቆንጆ መሆኗን ያየሁት ካፕሱሉ ከለቀቀኝ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ለአንድ አስተማሪ ታጭታ ነበር። የሙሽራ አልጋዋን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ የተጠነቀቅኩበት አልጋ የለኝም። ዛሬም ሳስባት ውለታዋ ልቤን ይሞላዋል።

አሁን ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ክረምት ሲገባ ወገቤ ያመኛል። ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ብዕሩን ሳያነሣ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ እኔ በማስታገሻ ተይዤ የዳንኩ ሰው ነኝ፤ ስታዝዝልኝ እሱን አስበህ እዘዝ» እላለሁ። አምና አንድ ወጣት ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሌላው ሰው እኮ ይህን ይደብቀናል፤ እርስዎ አያፍሩም?» አለኝ።

«እኔማ» አልኩት፣ «በአራት ሽማግሌ ፊት አፍሬ ጨርሻለሁ።»