ዝምተኛውን ጠርጥሩ

ባለፈው ሳምንት አንድ የወንጀል ልቦለድ አንብቤ ጨረስኩና ባንኮኒው ሥር፣ ያረጁ ጆንያዎች ወዳሉበት ወረወርኩት። ሦስት መቶ ምናምን ገጽ ታግሼ ገዳዩ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የአትክልተኛው መንትያ ወንድም! ሰውየው መንትያ እንዳለው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላሉንም። መርካቶ ውስጥ በናሙና ያላሳየኸውን ዕቃ ከጓዳ አውጥተህ ለደንበኛ ብታሸክመው፣ በማግሥቱ ደጅህን የሚረግጥ አታገኝም። ደራሲ ሲሆን ግን ሁለተኛ እትም ይታተምለታል።

ከሱ በፊት ያነበብኩት የሳይንስ ልቦለድም ከዚህ አይሻልም። ሰዎች በመንኮራኩር ተሳፍረው ሌላ ዓለም ላይ ሊሰፍሩ ይሄዳሉ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ይከራከራሉ፤ ያን ሁሉ ስንቅ ማን ጫነው፣ ማን ያወርደዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከተማ ሙሉ ገነቡ፣ ትከሻው የቆሰለ አንድ ሰው የለም። ደራሲው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ሰባተኛ አንዲት ካርቶን ተሸክሞ እንደማያውቅ ያስታውቃል።

ደንበኞቼ «አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ካቅለሸለሸሽ ለምን ታነቢያለሽ?» ይሉኛል። የሚያመውን ጥርስ ምላስ አይተወውም እላቸዋለሁ። የኔ ጥርስ መታመም የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም።

ልጅ እያለሁ አባዬ እዚሁ መርካቶ ቅመም ይነግድ ነበር። ያኔ ፌስታል እንዳሁኑ አልረከሰም፤ ቅመም የሚጠቀለለው በወረቀት ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ደግሞ የወረቀት ሲሳይ ሆነ። ትናንት በየስብሰባው ጭብጨባ የሚቀርብላቸው ቀያይ መጻሕፍት በኪሎ ተመዝነው ይመጡልን ጀመር። ርዕዮተ ዓለም ለቁንዶ በርበሬ ይመቻል፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው። ከነሱ ጋር ተቀላቅለው አልፎ አልፎ የመርማሪ ታሪኮች ይመጣሉ። እነሱን ነበር እኔ እየለቀምኩ የማነበው።

ችግሩ አባዬ መጽሐፍ የሚቀደው ከኋላ ነው። «ከፊት ከጀመርሽው ሽፋኑ ይላቀቅና ይበተንብሻል» ይላል። ስለዚህ እሱ ከኋላ እየቀደደ፣ እኔ ከፊት እያነበብኩ፣ መሐል ላይ እንገናኛለን። እዚያ ስንደርስ ገዳዩ ከግማሽ ኪሎ እርድ ጋር አውቶቡስ ተራ ገብቷል። እንደ ምንም ብዬ እስከ መጨረሻው የደረስኩባቸው ሦስት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱም ውስጥ ጥፋተኛው ማንም ያልጠረጠረው ዝምተኛ ሰው ነው። ሦስት መጽሐፍ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሙሉ ሕግ ነው። እኔም ሕግ አወጣሁ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የማነበው ጮክ ብዬ ነበር፤ ከኛ ሱቅ አጠገብ በረንዳው ላይ ለሚሰፉት ለጋሼ ከድር። ጋሼ ከድር ታሪኩ ሲጦዝ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ያነሣሉ፤ የመኪናው ድምፅ ከጠፋ ጥሩ እያነበብኩ ነው ማለት ነው።

«ቆይ ቆይ! ያቺ ሴትዮ መርዙን ከየት አመጣችው? ከናንተ ሱቅ ነው እንዳትዪኝ!»

አባዬ ከውስጥ፦ «እኛ ዘንድ ያለው ሚጥሚጣ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው።»

ሦስተኛው አድማጭ ጋሼ አበጀ ነበሩ። ከጎጃም መጥተው በኛ የቅመም ተራ ዕቃ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሸክማቸውን አውርደው በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጡና ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ይሰማሉ። አይስቁም፣ አይጠይቁም። ላቆም ስል ብቻ «ትንሽ ጨምሪ፣ ልጄ» ይላሉ። ልብሳቸው በርበሬና ኮረሪማ ስለሚሸት ሳያዩአቸው መምጣታቸው ይታወቃል።

የመርካቶ ተሸካሚ ወረቀት የለውም። ያለው ስሙ ነው። ዋስ ጠርቶ ወደ አንድ ተራ ይገባል፤ ዓመታት ሲያልፉ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ በጠዋት ከፍቶ ዕቃ ያወጣል። አንድ ሱቅ «እሱን እንኳ ተወው» ያለ ቀን ግን ሌላውም ሱቅ አይጠራውም። ምክንያት አይጠየቅም። የኛን ሱቅ ቁልፍ የያዙት አባዬና ጋሼ አበጀ ብቻ ነበሩ።

አንድ ሐሙስ አባዬ ለክፍለ ሀገር ደንበኛ ዕቃ ሊያወጣ ጓዳ ገባና ፊቱ ተለዋውጦ ወጣ። አንድ ጆንያ ኮረሪማ የለም። ኮረሪማ እንደ ጨው አይደለም፤ የአንድ ጆንያ መጥፋት ቤት ያናጋል። ያን ሳምንት አባዬ ምሳውን ሲበላ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩና ጠየቀኝ።

«ሰው ገብቶ ነበር?»

«ማንም አልገባም» አልኩት። እውነት መስሎኝ ነው ያልኩት።

አመሻሹ ላይ ጋሼ ከድርም አባዬም በረንዳው ላይ ተክዘው ተቀመጡ። ጋሼ ከድር ጨዋታ ለማምጣት ያህል «እስቲ የኛ መርማሪ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። አቤት፣ ያኔ የተሰማኝ ኩራት! ጣቴን መጽሐፉ ውስጥ እንደሰካሁ ብድግ አልኩ። ሌባ መቼም አይለፈልፍም አልኩ። የሚስቀውን፣ የሚጮኸውን ተዉት፤ ዝም ብሎ ቁጭ ያለውን ነው መጠርጠር፤ ሁልጊዜ እሱ ነው። ይህን ስል ጋሼ አበጀ እዚያው በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ዝም ብለው ቁጭ ብለው ነበር።

ማንም ስማቸውን አልጠራም። ዓይኖች ብቻ ዞሩ፤ የጋሼ ከድር፣ ከዚያ የአባዬ።

«እኔን ነው የምትዪው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው» አልኳቸው።

ጋሼ አበጀ ምንም አልመለሱም። ይኸው ዝም አለ ተባለ። መጽሐፉ ያለው ደረሰ። አባዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አበጀ፣ ለጊዜው ነው… ቁልፉን ወዲህ በለው» አለ። ጋሼ አበጀ ቁልፉን ከአንገታቸው ክር ፈትተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። የቁልፍ ክብደት ምን ያህል ነው? የሚዛኑ አንዱ ጎን ግን ቁልቁል ሲወርድ አይቻለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ በተራው ውስጥ እሳቸውን የሚጠራ አንድም ሱቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ፣ መናገሩ ያስጠላኛል፣ ያን ሳምንት በትምህርት ቤት ሌባ እንዳወጣሁ አወራሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከኛ ሦስተኛ ሱቅ ላይ ቅመም የሚሸጡት፣ ያን ሰሞን ጭነት ሊያመጡ ክፍለ ሀገር ወርደው የሰነበቱት ሐጂ ነስሩ አንድ ጆንያ በልጆቻቸው አሸክመው መጡ።

«እንካ ኮረሪማህን፣ ወንድሜ። የኔ መኪና ትናንት ገባ። ያኔ ደንበኛዬ ቆሞብኝ ነው እንጂ አንተ እስክትመጣ እጠብቅህ ነበር። መቼም ልጅህ ነግራሃለች።»

ነጋዴዎቻችን እንዲህ ነበሩ። ዕቃ ያለቀበት ሰው ከጎረቤቱ ያነሣል፣ የራሱ ጭነት ሲገባ በዓይነት ይመልሳል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ ሱቅ ውስጥ ለተገኘ ሰው ተናግሮ መሄድ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ የተገኘሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን በማነበው መጽሐፍ ውስጥ መርማሪው ምድር ቤት ተቆልፎበት፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ ከላዬ አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲናገር ሰምቻለሁ። ቀና እንኳ ሳልል «እሺ» ብያለሁ።

አባዬ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዞ፣ ጋሼ ከድርንና ሐጂ ነስሩን አስከትሎ ወደ ጎጃም በረንዳ ወሰደኝ። ጋሼ አበጀን የማያውቁትን ሰው ጋሪ ከኋላ ሲገፉ አገኘናቸው። እንደ ጀማሪ፣ የቀን ቅጥረኛ ሆነው። አባዬ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው ከለከሉት። እኔ እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ፦ «እሺ» ማለቴን፣ ቀና አለማለቴን።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው የተናገሩት ለነአባዬ ነበር።

«የሷስ የልጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት የምታውቁኝ ሰዎች፣ እናንተ ምን ነካችሁና ሰማችኋት?»



ሐጂ ነስሩ በየሱቁ እየዞሩ ስማቸውን አጸዱላቸው፤ ጋሼ አበጀም ከወር በኋላ ወደ ተራው ተመለሱ። ለሁሉም ይሸከማሉ፣ ለኛም ይሸከማሉ። ቁልፉን ግን አባዬ ሦስት ጊዜ ሰጥቷቸው ሦስቱንም ጊዜ መለሱት። ዕቃችንን እስከ በራችን ደፍ ያደርሱና ያወርዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አይራመዱም። «ግቡ እንጂ» ሲባሉ «እዚህ ይበቃኛል» ነው መልሳቸው። ለሰባት ዓመት፣ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ፣ እንዲሁ ነበር። ጋሼ ከድርም ከዚያ በኋላ «እስቲ አንብቢልን» ብለውኝ አያውቁም።

ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ እኔም አንደኛ ፎቅ ላይ ያንኑ ቅመም እሸጣለሁ። ጣሪያዬ ላይ ካሜራ አለ፤ ጎረቤቴ አንድ ኪሎ ዝንጅብል ቢወስድ በደረሰኝ ነው። ኮረሪማው እንኳ በላስቲክ ታፍኖ ስለሚመጣ እንደዚያ ዘመን አይሸትም። የጥንቱን መተማመን እናፍቃለሁ እንዳልል አፌ ይታሰራል፤ ያን መተማመን ማን እንደቆረጠው አውቃለሁና።

እነዚህን መጻሕፍት የምጠላቸው ለመንትያው ብቻ አይደለም። በያንዳንዳቸው ውስጥ በስህተት የሚጠረጠር አንድ ሰው አለ። አርባኛው ገጽ ላይ ይያዛል፣ ዘጠናኛው ላይ «ተሳስተን ነው፣ ሂድ» ይባላል፤ ከዚያ ደራሲውም መርማሪውም ዞር ብለው አያዩትም። ሰፈሩ ሲገባ ማን ሰላም አለው? ሥራ የሰጠው ማነው? ወደ ማን ቤት ገባ? አንዱም አይጽፈውም። ልጅ ሆኜ ገዳዩን ፍለጋ ገጽ እገልጥ ነበር። አሁን ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ግድ የለኝም፤ የምፈልገው ያን የተለቀቀውን ሰውዬ ነው።