ቀበቶዬን የያዙት እናት

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ አንዴ አውርቼላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አያስቀኝም።

ለሥራ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በር ላይ በሚያወልቁት ጫማ ብቻ ነው። ሌላው ቀን ሥራ አለ፣ እንደምንም ይመሻል። እሁድ ግን አልገፋ ይለኛል።

ስለዚህ እሁድ እሁድ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ያን ቀን ቀበና ከታክሲ ወርጄ፣ ወንዙን ተከትዬ እስከ ቦሌ ለመሄድ አሰብኩ። ወንዙ ዳር አዲስ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ አበባው፣ መብራቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ አንድም የጎደለ የለም። ሰዉም እንደ ጉድ ይጎርፋል። «ወንድም፣ አንዴ ታነሳን?» እያሉ ስልካቸውን ይሰጡኛል። ደስ ብሎኝ አነሳኋቸው። «አንተንስ እናንሳህ?» ያለኝ ግን አልነበረም። ቢሉኝስ ፎቶውን ለማን እንደምልከው እንጃ።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ያረጀ የድንጋይ ድልድይ አገኘሁ። ከላይ መኪና ይርመሰመስበታል፤ ከሥሩ ግን የድሮ ሰዎች በእጃቸው የጠረቡት ድንጋይ አለ። ቅስቱን ከጎን ለማየት በመከለያው ብረት ላይ ሆዴን አስደግፌ ጎንበስ አልኩ። ውሃው ገና የክረምቱ ድፍርስ አልለቀቀውም፤ ይጮሃል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ያየሁ ስለመሰለኝ ትንሽ ጨመርኩበት።

ድንገት አንድ ሰው ከኋላዬ ቀበቶዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«በእመቤቴ! በእመቤቴ በማርያም! ተው ልጄ!»

አንገቴን አዙሬ ሳይ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ ትከሻዬ ጋ እንኳ የማይደርሱ እናት ናቸው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ። በእፍረት ፊቴ ጋለ።

«እማማ፣ ድልድዩን እያየሁ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ድልድይ ይሄዱበታል እንጂ ተዘቅዝቀው ያዩታል? በል ማርያምን በል!»

«ማርያምን!»

አላመኑኝም። ቀበቶዬን ሳይለቁ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው እየጎተቱ ወስደው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ከሰው ጋር ቁጭ ብለህ እህል የቀመስከው መቼ ነው?» አሉኝ።

ባስበው ባስበው ቀኑ ትዝ አላለኝም። ዓይኔ እንባ ሞላ። የእፍረት ይሁን የሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሳቸው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው የያዙትን ዳቦ ፈቱ። ከቤተክርስቲያን ይዘውት የወጡት መክፈልት ነው። መክፈልት ደግሞ ቤት ለቀረ ሰው የሚወሰድ ነው።

«ቤት ለሚጠብቅዎት ሰው አይሆንም?» አልኳቸው።

«ማን አለና ልጄ» አሉ። «እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው የምይዘው።»

ቆርሰው አጎረሱኝ። እኔም ቆርሼ አጎረስኳቸው።

ዳቦው ሲያልቅ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀው ታክሲ ድረስ ሸኙኝና ረዳቱን «አደራ፣ መገናኛ ሳይደርስ እንዳታወርደው፤ ልጄ ነው» አሉት። ረዳቱ እኔን ጎልማሳውን ከላይ እስከ ታች አይቶ ሳቀ። ቦሌ መሄዴም በዚያው ቀረ። ስማቸውንም ስልካቸውንም እንዳልጠየቅኩ ትዝ ያለኝ ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ዳቦ ገዝቼ ወደዚያ ድልድይ እሄዳለሁ። ነጠላ የለበሰች ሁሉ እሳቸው ትመስለኛለች። ደግሞ እሳቸውም እየፈለጉኝ ይሆን እላለሁ። አንዳንዴ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ፣ ብረቱን ይዤ ትንሽ ጎንበስ እላለሁ። እስካሁን ቀበቶዬን የያዘኝ የለም።